በከዘራ የታሰረ ኒካህ

ዓለም ስትዘጋ ድምፅ ይኖራታል ብዬ ነበር የማስበው። እኛ ደሴ ላይ ምንም አልሰማንም። አንድ ቀን ጠዋት ተነሥተን "በበሽታው ምክንያት ድንበር ተዘጋ" ተባልን፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ዓለምን ሲቀብር ነው የሚውለው፤ ግንባር ቀደሙ ቀባሪ ደግሞ እኔ ነበርኩ። የምሸጠው የመኪና መለዋወጫ ነው፤ ባሕር ካልተሻገረ አይመጣም። "ከእንግዲህ ሁሉም በሩን ቆልፎ ለየብቻው ይኖራታል፣ አለቀ!" እያልኩ ሰው አሰለቸሁ።

በዚያው ሰሞን የወዳጄ የሰይድ ኒካህ ደረሰ። ሰይድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ እጮኛው ዘይነባ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ቀን ተቆርጦ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ሙሽራው የት ቢገኝ ጥሩ ነው? ድንበር ላይ! እሱንና ጓደኞቹን ለምርመራ ለይተው አስቀመጧቸው። ያኔ ደግሞ፣ ታስታውሱ እንደሆነ፣ በሽታውን የሚያመጡት ሾፌሮች ናቸው ይባል ነበር። የዘይነባ አጎቶች "ይቅርብን፣ ባል መች ጠፋ!" ማለት ጀመሩ። ልጅቷ ደውላ አለቀሰችብኝ።

"ቀኑ ካለፈ አባቴን ያሸንፉታል። በአላህ ድረስልኝ!"

አንጀቴን በላችው። ደግነቱ በእኛ ሃይማኖት ሙሽራው ባይኖር ወኪሉ ኒካሁን ያስርለታል። ሰይድ በስልክ ወከለኝና፣ ሰው አራርቆ በሚጭን ሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ጣጣው የጠበቀኝ እዚያ ነው። ኒካህ ሲታሰር የልጅቷ አባትና ወኪሉ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ ልማዳችን ነው። መጨባበጥ ደግሞ ክልክል! የዘይነባ አባት አባ ይመር "እጅ ሳልይዝማ ልጄን ለማን ሰጠሁ ልበል?" ብለው አሻፈረኝ አሉ። ሼሁ "ቃሉ ይበቃል" ቢሏቸው ወይ ፍንክች። አጎቶቿ ፊታቸው በራ፤ "እንግዲያው ይቆያ!"

ሴቶቹ ከተቀመጡበት መጋረጃ ጀርባ የዘይነባ ሲቃ ተሰማ። አባ ይመር ብድግ አሉና ከዘራቸውን ወደ እኔ ሰነዘሩ። ሊመቱኝ ነው ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

"ያዝ እንጂ! ምን ያስበረግግሃል?"

ያዝኩ። እሳቸው በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ፣ ሼሁ ቃሉን አስባሉን። በስልኬ መስመር ላይ ሆኖ ይሰማ የነበረው ሰይድ "አልሐምዱሊላህ" ሲል ድምፁ ተቆራረጠ፤ ኔትወርኩ ይሁን እንባው አልለየሁም። እኔ ግን አልቅሻለሁ።

ሰይድ ጤነኛ ነህ ተብሎ ሲለቀቅ አባ ይመር መንገድ ድረስ ወጥተው ጠበቁት። ከዘራውን ወዲያ ወርውረው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ፤ ክልከላውን ያስታወሳቸውም የለም።

ዛሬ ድንበሩም ተከፍቷል፣ ዕቃዬም ይመጣል። እኔ ግን አመሌ አልለቀቀኝም፤ አንዱ አገር ከሌላው ተኳረፈ በተባለ ቁጥር ዓለምን እቀብራለሁ። ባለፈው አባ ይመር ሰሙኝ።

"እኔ እዚህ፣ ባልየው ድንበር ላይ፣ ልጄን ድሬ የለም እንዴ? ምኑ ነው የተዘጋው?"

"እሱማ እርስዎ ስለፈለጉ ነው፣ አባ ይመር።"

"ታዲያ የአገሩን በር የሚዘጋው ማን መሰለህ፣ ንፋስ ነው?" አሉና ከዘራቸውን አነሡ።

አሁንም ወደ ኋላ ሸሸሁ።