ሥጋን ያስተወ ፕላን

በ2016 ዓ.ም. ሁዳዴ ሲገባ፣ በእስቴ ያለችው ትንሿ ከተማችን የፕላን ባለሙያ ሕዝቡ ጎመን እንዲለምድ ብሎ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው ልኳንዳችን ከጾም በኋላም እንዳይከፈት ወሰነ። ቤተሰቤ የሚተዳደረው በልኳንዳው ገቢ ነው። ለመሆኑ ፈጣሪ የሠራውን በሪፖርት የራሱ የሚያደርግ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል?

ባለሙያው ቅዳም ሥዑር ዕለት ቤቴ መጣ።

«እማማ፣ አዩ? ሁለት ወር ሙሉ ሥጋ የበላ የለም። ፕላኑ ሠራ!»

«ልጄ፣ ጾም እኮ ነው።»

«እሱም አግዞናል።»

«እንግዲያ ነገ ለፋሲካ አልከፍትም?»

ምራቁን ዋጠ። «ለፋሲካማ ይክፈቱ እንጂ። ከዚያ በኋላም ቢሆን... ጥናቱ ይቀጥላል። ለእኔም ከጮማው ያስቀምጡልኝ።»

ተመስገን አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ልኳንዳውን ስከፍት ከሁሉ ቀድሞ ቆሞ አገኘሁት። ለጤናው አስቤ ጮማውን አንሥቼ ቀዩን ብቻ ቆረጥኩለት።