የአቤቱታ ሰሚው አቤቱታ

ሰው ለንስሐ አባቱ ያልነገረውን ለማመልከቻ ጸሐፊ ይነግራል። እኔም ፍኖተ ሰላም ከአቤቱታ ሰሚው ቢሮ አጥር ሥር ጃንጥላና ጠረጴዛ ዘርግቼ ስንት ጉድ ስጽፍ ስለኖርኩ፣ ከእንግዲህ የሚያስደነግጠኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ባለፈው ግንቦት ግን ደነገጥኩ።

አቶ ይርጋ መጥተው ለደንበኛ ባስቀመጥኳት በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። እሳቸውን የማያውቅ የለም። ፓርላማ ገብተው አምስት ዓመት እጃቸውን ሲያወጡ ቆይተው፣ አሁን የዚሁ ቢሮ ኃላፊ፣ የሕዝብ አቤቱታ ሰሚ ናቸው። ከአጥሩ ሥር ሊያስነሱኝ መጡ ብዬ ጃንጥላዬን ማጠፍ ጀመርኩ። ማመልከቻ ጻፍልኝ አይሉኝም? ክው አልኩ! እሳቸውም አቤት ይላሉ እንዴ?

ለካ ቡሬ ገጠር ያሉት እናታቸው መሬት በስህተት በጎረቤት ስም ተመዝግቦ፣ ጎረቤትየው አርሶ በቆሎ ሊዘራበት ተዘጋጅቷል። ዝናቡ ደርሷል። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሦስት ጊዜ መልሷቸዋል፤ አቶ ይርጋ ደግሞ በሥልጣን ማዘዝ ነውር ነው ባይ ናቸው። በዚህስ አደነቅኳቸው። ግን ማስጻፍ ሲጀምሩ “ክቡር አፈ ጉባኤ” ብለው አረፉት! ጌታው፣ እዚህ የሚያጨበጭብ የለም፣ ትንሽ ያልቅሱ እንጂ አልኳቸው።

ማመልከቻውን ይዘው በገዛ ቢሯቸው መስኮት እንደማንኛውም ሰው ተሰልፈው አስገቡና ተመልሰው መጡ። መልሱ መቼ ይደርሳል ብለው ጠየቁኝ። እኔን! የጻፍኩላቸው ሰዎች ሁሉ እንደሚነግሩኝ ከሦስት ወር በፊት ባይጠብቁ ይሻላል አልኳቸው። አቶ ይርጋ ከበርጩማዋ ብድግ አሉ። በሦስት ወርማ የሰው በቆሎ በእናቴ መሬት ላይ ያሸታል፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ አስቀምጦ የሚያሳድረው ማን ነው ብለው ጮኹብኝ።

ምን ልበል? እሳቸው ሳያነቡት አንድም ወረቀት እንዳይንቀሳቀስ ያዘዙት እሳቸው፣ ማንም ተራ እንዳይቀድም ያሉትም እሳቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ክምር ደግሞ የማያውቅ የለም። ይህንኑ በትሕትና ነገርኳቸው። ላብ አጠመቃቸው። እውነቴን ነው፣ እኔም አዘንኩ፤ አሮጊቷ ምን በደሉ?

ተመልሰው በርጩማዋ ላይ ተቀመጡና ሌላ ማመልከቻ ጻፍ አሉኝ። ተከሳሹን ማን ልበል ብላቸው፣ የራሳቸውን ስም ከነአያታቸው ነገሩኝ።