ቆማ የገጨችው መኪና

[ሲግናል አካባቢ፣ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ በር ላይ ያለ አግዳሚ። የታክሲ ሹፌሩ አባይነህ መነጽሩን መሪ ሰፈር ቤቱ ረስቶ መጥቷል። ጎረቤቱ ሊሊሳ የአደጋ ማስታወቂያ ቅጹን ይሞላለታል።]

አባይነህ፦ በጥቁር ጻፍ አልኩህ እኮ! በሰማያዊ ከሆነ አይቀበሉም።

ሊሊሳ፦ ያለኝ ሰማያዊ ነው።

አባይነህ፦ እነዚህ ሰበብ ነው የሚፈልጉት። አሥራ ሁለት ዓመት ከፈልኩ፤ አንድ ቀን ጠብቀውኝ ያውቃሉ?

ሊሊሳ፦ ከዚህ በፊት ተጋጭተህ ታውቃለህ?

አባይነህ፦ እኔ? በጭራሽ!

ሊሊሳ፦ ታዲያ ከምን ይጠብቁህ?

አባይነህ፦ ተወው፣ አይገባህም። ጻፍ።

ሊሊሳ፦ «አደጋው የደረሰበት ቦታ?»

አባይነህ፦ እንጦጦ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ።

ሊሊሳ፦ «የመኪናው ፍጥነት?»

አባይነህ፦ ቆማ ነበር።

ሊሊሳ፦ «ጥፋተኛው ማን ነው?»

አባይነህ፦ እኔ።

ሊሊሳ፦ ቆመህ?

አባይነህ፦ ቆሜ።

ሊሊሳ፦ [እስክሪብቶውን አንስቶ] ቆመህ እንዴት ገጨህ?

አባይነህ፦ [ግራ ቀኙን አይቶ፣ በሹክሹክታ] የገጩኝ አባ ዘረሰናይ ናቸው። የንስሐ አባቴ። የደብሩን ፒካፕ ወደ ኋላ ሲነዱ አላዩኝም።

ሊሊሳ፦ እንግዲያ ጥፋተኛው እሳቸው ናቸዋ!

አባይነህ፦ አንተ ሰው! ሰባት ዓመት ሙሉ የኔን ጥፋት ችለው የሰሙ አባት፤ እኔ ዛሬ የሳቸውን በሦስት ኮፒ ላቅርብ?

ሊሊሳ፦ ያን ዕለት ምን አልካቸው?

አባይነህ፦ መስቀል ተሳለምኩና «ይፍቱኝ አባ፣ መንገድዎ ላይ ቆሜ ነው» አልኳቸው።

ሊሊሳ፦ መኪናህስ?

አባይነህ፦ የኋላ በሮቿ አይከፈቱም። ተሳፋሪ በመስኮት አይገባ! ይኸው አራት ቀን ሥራ ፈትቼ ልጆቼን አያለሁ።

ሊሊሳ፦ ጥፋተኛው አንተ ከሆንክ ያሠሩልሃል?

አባይነህ፦ የኔ ሦስተኛ ወገን ነው። እኔ የጎዳሁትን የሌላ ሰው መኪና ነው የሚያሠራው።

ሊሊሳ፦ የአባ ፒካፕ ምን ሆነች?

አባይነህ፦ ምንም። ጭረት የላትም።

ሊሊሳ፦ ታዲያ ምን ሊያሠሩ ነው?

አባይነህ፦ ምንም! ለዚህ እኮ ነው ኢንሹራንስ ደንበኛውን አይጠብቅም የምልህ! በል የምፈርምበትን አሳየኝ።

[ይፈርማል። ሊሊሳ ቅጹን ይዞ ይገባል። የአባይነህ ስልክ ይጠራል።]

አባይነህ፦ [ብድግ ብሎ] አቤት አባ! ... እርስዎ? የደብሩ ፒካፕም ኢንሹራንስ እዚሁ ነው? ሰኞ ዕለት ነገሯቸው? «የገጨሁት እኔ ነኝ» ብለው? ... የኔ ቃል ከርስዎ ጋር ከገጠመ በሮቹን ያሠራሉ? ... [ይዘጋና ወደ በሩ ይሮጣል] ሊሊሳ! ቅጹን መልስ!

ሊሊሳ፦ [እየወጣ] ተቀበሉኝ።

አባይነህ፦ [ራሱን ይዞ] አለቀልኝ! አባ እውነቱን ነግረዋቸዋል። ውሸታሙ እኔ ብቻ ሆንኩ!

ሊሊሳ፦ ምን ዋሸህ?

አባይነህ፦ «ጥፋተኛው እኔ ነኝ» አላልኩም?

ሊሊሳ፦ እሱንማ አልጻፍኩትም። ቆማ የምትገጭ መኪና አልገባችኝም። የገባኝን ጻፍኩ፦ «እኔ ቆሜ፣ አባ ገጩኝ።»

አባይነህ፦ ፈርሜበታለሁ እኮ!

ሊሊሳ፦ ፈርመሃል።

አባይነህ፦ በሰማያዊው?

ሊሊሳ፦ በሰማያዊው።

አባይነህ፦ [አግዳሚው ላይ ዘፍ ብሎ] አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ኢንሹራንስ አልጠበቀኝም እያልኩ ሳማ ኖርኩ። እኔን ከራሴ የሚጠብቅ ኢንሹራንስ የት ይሸጣል?

ሊሊሳ፦ እኔ እንጃ። ለጊዜው መነጽርህን አታምጣ።