በሩ የጠበበው ራይቦሶም

[1965 ዓ.ም.፣ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሰፈር። የአንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ደጃፍ። ተረፈ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ከዩኒቨርሲቲ የተላከ ወጣት የሳይንስ አስተማሪ ነው። ጉሉማ በዕድሜ የገፋ የግቢው ዘበኛ ነው። ከዕቃ ቤቱ ውስጥ ከጣውላ የተሠራ፣ ከበሩ የሚሰፋ ትልቅ ድቡልቡል ነገር ይታያል።]

ተረፈ፦ የበሩን መቃን ንቀለው አልኩህ።

ጉሉማ፦ አልነቅልም። መቃኑ የመንግሥት ነው። እርስዎ ሰኔ ላይ ይሄዳሉ፤ እኔና መቃኑ እንቀራለን።

ተረፈ፦ ለመሆኑ አንተ ከመቃኑ በምን ትለያለህ?

ጉሉማ፦ መቃኑን ማንም አይሰድበውም።

ተረፈ፦ ስማ፣ ትምህርቴን ሊገመግሙ የመጡት ኢንስፔክተር ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ይህን ሳያዩ ከሄዱ ወረቀቴ ላይ አይፈርሙም። ካልፈረሙ ዩኒቨርሲቲው አይመልሰኝም። እዚህ ካንተ ጋር ልሸብት ነው?

ጉሉማ፦ ማሎ፣ እሱስ ለእኔም አይበጀኝም። ግን ይሄ ምንድን ነው? ጎተራ ነው?

ተረፈ፦ ራይቦሶም ነው። ሥጋህን የሚሠራልህ እሱ ነው። በሰውነትህ ውስጥ እልፍ ጊዜ እልፍ አለ።

ጉሉማ፦ [ሆዱን እየዳበሰ] ይህን የሚያህል?

ተረፈ፦ በዓይን አይታይም፣ አንተ ደንቆሮ። ያገዘፍኩት ለተማሪ ነው። ባይገባህም ስማ። ሴል ማለት ይሄ ግቢ ነው እንበል። መካከሉ ላይ ኒውክለስ የሚባል አለ፤ እሱ ይሄ ዕቃ ቤት ነው። ራይቦሶም የሚገነባባቸው ፕሮቲኖች ውጭ ተሠርተው በበሩ ይገባሉ፣ ውስጥ ተገጣጥመው ራይቦሶም ይሆናሉ፣ ከዚያ በዚያው በር ይወጣሉ። እኔም እንደዚያው ጣውላውን አንድ በአንድ አስገብቼ ውስጥ ገጠምኩት።

ጉሉማ፦ ውጭ ከተሠሩ ምን ሊያደርጉ ይገባሉ?

ተረፈ፦ አር ኤን ኤ የሚባለው ማያያዣቸው ያለው ውስጥ ነዋ።

ጉሉማ፦ ኤዬ፣ እሺ። በሩስ ላይ ዘበኛ አለ?

ተረፈ፦ አጃቢ አላቸው። ያለ አጃቢ አይወጡም። አጃቢው ግን እንዳንተ ጥያቄ አያበዛም።

ጉሉማ፦ አንድ ብቻ ልጠይቅ። ቁርጥራጩ የገባበት በር ሙሉውን እንዴት ያስወጣል?

ተረፈ፦ በሳይንስ።

ጉሉማ፦ ያ ሳይንስ ታዲያ ዛሬ የት ሄደ?

ተረፈ፦ መቃኑን ንቀል።

ጉሉማ፦ መምህር፣ እኔ ከኑኑ ቁምባ ቡና በበቅሎ ሳመላልስ ነው ያረጀሁት። የበቅሎ ጭነት አንድ ላይ አይታሰርም፣ ለሁለት ይከፈላል። ጠባብ ቦታ ስንደርስ አውርደን አንድ አንዱን እናሳልፋለን፣ ማዶ እንደገና እንጭናለን። ይሄንንም ከወገቡ ፈተው ለየብቻ ያውጡትና ውጭ ይግጠሙት።

ተረፈ፦ አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ራይቦሶምን የቡና ጆንያ አደረግኸው? ለሁለት ተከፍሎ የሚወጣ ራይቦሶም በየትኛው መጽሐፍ አየህ? [ከብብቱ መጽሐፍ አውጥቶ ይገልጣል] ይኸው ላንብብልህና እፈር። «ራይቦሶም ትልቅና ትንሽ ሁለት ክፍሎች አሉት። ክፍሎቹ ለየብቻ ከኒውክለስ ከወጡ በኋላ ውጭ...» [መጽሐፉን ይከድናል]

ጉሉማ፦ ይጨርሱት እንጂ። ውጭ ምን?

ተረፈ፦ ይገጣጠማሉ።

ጉሉማ፦ መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ በቅሎ ነበረው ማለት ነው።

ተረፈ፦ ወሬህን ትተህ ጉጠትና መዶሻ አምጣ።

[ከወገቡ ፈተው ትልቁንና ትንሹን ክፍል ለየብቻ ያወጣሉ። ተረፈ እዚያው ደጃፍ ላይ ገጥሞ በረጃጅም ምስማር ይመታው ጀመር።]

ጉሉማ፦ መምህር፣ እስኪ ምስማሩን ቆይ ይበሉት።

ተረፈ፦ አንዴ ግምትህ ቢሠራልህ ሊቅ ሆንክ? ከዚህ ወዲያ ያለው የተማረ ሰው ሥራ ነው። ዝም ብለህ በዚያ በኩል ያዝ።

ጉሉማ፦ ኤዬ። ያዝኩ።

[ተሸክመው ግቢውን አቋርጠው ክፍሉ ደጃፍ ይደርሳሉ። ጭነቱ የክፍሉ በር መቃን ላይ ተሰንቅሮ ይቆማል። ከውስጥ ኢንስፔክተሩ ሰዓታቸውን ያያሉ።]

ተረፈ፦ ግፋው።

ጉሉማ፦ የዚህን ግቢ በሮች ሁሉ የሠራቸው አንድ አናጺ ነው፤ ጨመዳ ይባላል። ሁሉንም በአንድ ልክ ነው የቆረጣቸው።

ተረፈ፦ ይህን እያወቅህ ዝም አልክ?

ጉሉማ፦ ዝም ብለህ ያዝ አሉኝ፤ ዝም ብዬ ያዝኩ።

ተረፈ፦ [ላቡን እየጠረገ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ኦቦ ጉሉማ፣ አሁን ምን ይሻለኛል? ምስማሩን እስክነቅል ይሄዱብኛል።

ጉሉማ፦ መጽሐፉን ይዩት። ተገጣጥሞ ስለመግባት ምን ይላል?

ተረፈ፦ [ገልጦ አይቶ] ከተገጣጠመ ተመልሶ አይገባም ይላል።

ጉሉማ፦ እንግዲያው ይሄን መሬት ያስቀምጡትና ኢንስፔክተሩን ይጥሩልኝ። እሳቸው ሲገቡ አይቻለሁ፤ በሩ ይበቃቸዋል።