በኮሚቴ የጸደቁ ሃያ አራት አንበሶች

የአምስት ዓመት ሕፃን ነገ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን የሚወሰነው ዛሬ በትምህርት ቤት ተውኔት ላይ በሚሆነው እንስሳ ነው። ይህ ታላቅ እውነት ለዘመናት ተሰውሮ ኖሮ በመጨረሻ የተገለጸው በአንድ መዋዕለ ሕፃናት የወላጆች ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ነው። ለግኝቱ የሚገባው ክብር እስከ ዛሬ አለመሰጠቱ ያሳዝናል።

የነገሩ ሁሉ ጥፋተኛ መምህርቷ ነበረች። ምንም ሳይመስላት፣ ጫጩቷ ስለጠፋባት ዶሮ አጭር ተውኔት ጻፈች። ዶሮዋ በጉን ትጠይቃለች፣ ጦጣዋን ትጠይቃለች፣ ድመቷን ትጠይቃለች፤ ሁሉም አላየንም ይሏታል። በመጨረሻ አህያዋ «ጀርባዬ ላይ ውጪና አሻግረሽ እዪ» ትላታለች፤ ዶሮዋም ወጥታ ጫጩቷን ታገኛለች። ጽሑፉ የስንቱን ቤት ክብር ሊያፈርስ እንደተነሳ ማንም አስተዋይ ሰው ወዲያው ይረዳዋል።

«አህያ መሆን የሚፈልግ?» ብላ ስትጠይቅ አንድም እጅ አልወጣም። ከኋላ ወንበር ግን አንድ ማናፋት ተሰማ። ያናፋችው ትምህርት ከተጀመረ ስድስት ወር ሙሉ ክፍል ውስጥ አንዲት ቃል ያልወጣት፣ ስሟ ሲጠራ እንኳ ጣቷን ብቻ የምታነሳ የአናጺው ልጅ ነበረች። ልጆቹ «ዝምተኛዋ» ይሏታል። መምህርቷ እንባዋን እንዳያዩባት ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ይህች ልጅ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰው ፊት ቆማ እንድትናገር።

የምደባው ዝርዝር በየደብተሩ ተለጥፎ ወደየቤቱ ሄደ። በማግስቱ ገና በሩ ሳይከፈት የበጉ እናት ከተፍ አለች። ሥራዋ ጥብቅና ነው።

«ልጄን በግ ያደረግሽው በምን መመዘኛ ነው?»

«ራሱ ነው የመረጠው። ደስ ብሎት ነበር እኮ።»

«ዛሬ በግ ሲሉት ደስ ካለው፣ ነገ ሲያርዱትም ደስ ሊለው ነዋ።»

የጦጣዋ አባት፣ ጅምላ ነጋዴው፣ እግር በእግር ተከተለ። «እኔ እዚህ ከተማ ስንት ዓመት ስሜን የገነባሁ ሰው ነኝ። ልጄ ዛፍ ላይ ስትንጠላጠል ልይልሽ?»

«ዛፍ እንኳ የለም፤ ወንበር ነው።»

«ጭራሽ ወንበር!»

ርዕሰ መምህሩ ጉዳዩን በታላቅ የኃላፊነት ስሜት ተቀብለው፣ በጠበቃዋ ሰብሳቢነት የእንስሳት ምደባ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ፣ ነባራዊውን ሁኔታ ከግምት በማስገባት፣ ማንኛውም ሕፃን ከአንበሳ ያነሰ እንስሳ እንዳይሆን በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ዶሮዋ እናት አንበሳ ተባለች፤ ጫጩቷ ደቦል። በጉ፣ ጦጣዋና ድመቷም የደረጃ ዕድገት አገኙ።

«አህያዋስ?» አለች መምህርቷ።

«መደቡ ታጥፏል» አለች ሰብሳቢዋ።

«አህያ መሆን የምትፈልግ ልጅ አለችኝ። ስድስት ወር አፏን ያልከፈተች ልጅ ናት።»

«ሕፃን የሚፈልገውን ቢያውቅ ኮሚቴ ለምን ያስፈልግ ነበር?»

«አባቷም እሷ ካለች ይሁን ብለዋል።»

«በጽሑፍ አመልክተዋል?» ጠየቁ ርዕሰ መምህሩ።

«በቃል ነው የነገሩኝ።»

«በቃል የቀረበ አህያ አናስተናግድም።»

ልምምዱ ቀጠለ። የጠፋችውም፣ የምትፈልጋትም፣ የሚጠየቁትም ሁሉ አንበሳ በመሆናቸው ሕፃናቱ ማን ማን እንደሆነ ግራ እየገባቸው ይላቀሱ ጀመር። ኮሚቴው ይህን «የስሜት ጥልቀት» ብሎ በቃለ ጉባዔ አሰፈረው። ዝምተኛዋ የካርቶን ጭምብሏንና የቢጫ ክር ጎፈሯን አጥልቃ ከኋላ ትቆማለች። ስሟ ሲጠራ ጣቷን ማንሳትም ትታለች። መምህርቷ የሌሎቹን ጎፈር ታስራለች።

ቀኑ ደረሰ። ርዕሰ መምህሩ ከበላይ መሥሪያ ቤት በመጡት የክብር እንግዳ ፊት ስለ ተውኔቱ አርባ ደቂቃ ንግግር አደረጉ። ተውኔቱ ራሱ ስድስት ደቂቃ ነው። መጋረጃው ሲከፈት እናት አንበሳ «ደቦሌን አያችሁ?» አለች። የሚመልስላት ጠፋ። አንደኛው አንበሳ ሱሪው ላይ ሸና። ጠበቃዋ ከፊት ወንበር ሆና በእጇም በአፏም «አግሳ! አግሳ!» እያለች ምልክት ትሰጣለች። ከልጆቹ አንዱም ንቅንቅ አላለም።

ያን ጊዜ ከኋላ አንዲት አንበሳ ወጣ ብላ እጇን መሬት አስደግፋ ተንበረከከች። «ጀርባዬ ላይ ውጪና አሻግረሽ እዪ» አለች። አስከትላም አዳራሹን ያናወጠ ማናፋት አናፋች።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ ርዕሰ መምህሩ በሹክሹክታ።

«የኔ እንዳይመስልዎት» አለች ጠበቃዋ።

«የኛ ቤት ልጅ እንዲህ ያለ ድምፅ ከየት ያመጣል?» አለ ነጋዴው።

የክብር እንግዳው ግን እንባቸው እስኪወርድ ስቀው ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉ። «ብዙ ተውኔት አይቻለሁ፤ እንደዚህች ያለች አህያ ግን አይቼ አላውቅም። ወላጇ እባክዎ ይነሱልኝ፤ አብረን ፎቶ እንነሳለን።»

ሃያ ሦስት ወላጅ ብድግ አለ። ጠበቃዋ የነጋዴውን እግር ረግጣ ቀደመች፤ «ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው ያለማመድኩት» እያለች። ያልተነሳው አናጺው ብቻ ነበር። ልጁ ሰው ፊት ስትናገር ሲሰማ የመጀመሪያው በመሆኑ፣ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፍኖ ያለቅሳል። መምህርቷ ከመጋረጃው ኋላ ዝምተኛዋን እንዳቀፈች አየችው። ፎቶው ውስጥ ማን እንደገባ ግድም አልሰጣት።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ሃያ ሦስት ማመልከቻ ተቆልሎ ተገኘ። ሁሉም ልጃቸው ለሚቀጥለው ተውኔት አህያ ሆኖ እንዲመደብላቸው የሚጠይቁ ናቸው፤ ሁሉም በጽሑፍ። ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰብስቦ፣ ፍትሐዊነትን ለማስፈን ሲባል ሕፃናቱ በሙሉ አህያ እንዲሆኑ ወሰነ። መምህርቷ ውሳኔውን ለክፍሉ አነበበች።

ዝምተኛዋ እጇን አወጣች። «ሁሉም አህያ ከሆነ ማን ይነዳቸዋል?»

«ኮሚቴው ይነዳቸዋል፣ የኔ እናት።»

«ኮሚቴው ማነው?»

«የልጆቹ እናትና አባቶች ናቸው።»

ልጅቷ እጇን እንደገና አወጣች።

«የአህያ እናትና አባት መንዳት ይችላሉ?»