ባንኮክ የሚሄድ ጤነኛ

ጅግጅጋ ላይ አገር ሁሉ ሥራ አለው። ሥራ ፈት አገር የለም። ዱባይ የሚሄድ ሰው ዕቃ ሊያመጣ ነው፤ መካ የሚሄድ ሊጸልይ ነው፤ አዲስ አበባ የሚሄድ አንዲት ፊርማ ፍለጋ ነው። ድንበር ላይ ወዳለችው ቶጎጫሌ የሚሄድማ ለምን እንደሚሄድ አይጠየቅም፤ ሲመለስ ጭነቱ ይናገራል። ታይዋን የሚባለውን አገር ካርታ ላይ ፈልጉ ብትባሉ ምናልባት ትቸገሩ ይሆናል፤ እኛ ግን ታይዋን የምንለው ገበያ ስላለን ባጃጅ ውስጥ ገብቶ «ታይዋን» ያለ ሁሉ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል። እኔ ዕድሜዬን እዚሁ ከተማ ጂኦግራፊ ሳስተምር የጨረስኩ ሰው ነኝ። የተማሪዎቼን ካርታ ሳርም ኖሬ የከተማዬን ካርታ በቅጡ ያወቅኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። በዚህ ካርታ ላይ ለማየት ብቻ ተብሎ የሚኬድበት አገር አልተሣለም።

ካላመናችሁኝ ሞክሩት። ነገ ጠዋት ለጎረቤታችሁ «ለአንድ ሳምንት ውጭ አገር ልሄድ ነው» በሉት። «ለምን ጉዳይ?» ይላችኋል። «ከተማውን ለማየት» በሉት። መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ ሳቁን ሰብሰብ ያደርግና ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ «ለእኔ እንኳ አትነግረኝም?» ይላል። ከዚያ ወዲያ ተቀይሟችኋል ማለት ነው።

ነገሩን ያመጣችው ባለቤቴ ሙሉ ናት። ሙሉ ታይዋን ውስጥ (የኛው ታይዋን) የመጋረጃና የአልጋ ልብስ ሱቅ አላት። ሱቁ ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ እግሯ መሬት ሳይነካ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጣ መሸጥ የጀመረች ሴት ናት። አንድ ቀን ስልኳ ላይ ውኃ ላይ የሚቆም ገበያ አየች። ሰፋፊ የሰሌን ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶች በትንንሽ ጀልባ እየቀዘፉ ማንጎ ይሸጣሉ፤ ገዢውም በጀልባ ነው። ደጋግማ አየችው። «አየህ፣ አቧራ የለም» አለችኝ፤ የጅግጅጋን ነፋስ ከመጋረጃ ላይ ስታራግፍ የኖረች ሰው መጀመሪያ የሚታያት ይኸው ነው። ቀጥላ ግን ያልጠበቅኩትን ተናገረች።

«እኔ እኮ በሕይወቴ ገበያ ገብቼ አላውቅም።»

ሳቅኩ። ገበያ ውስጥ ተወልዳ ገበያ ውስጥ የሸበተች ሴት!

«አትሳቅ» አለችኝ። «ሁልጊዜ የምገባው ልሸጥ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ እጄን አጣምሬ፣ ማንም ‹ስንት ነው?› ሳይለኝ፣ ሌላው ሲሸጥ ቆሜ ማየት አምሮኛል።»

ሳቄን ተውኩ። ይቺ ሴት ከተጋባን ጀምሮ ለልጆቹ ስትጠይቅ፣ ለቤቱ ስትጠይቅ ሰምቻታለሁ፤ ለራሷ ስትጠይቅ ግን የመጀመሪያዋ ነው። እናም እቁቧ ሲወጣ፣ የሁለት ሰው መሄጃ ይሆናል ተባለና ተወሰነ። ውኃው ገበያ የት ነው? ባንኮክ አጠገብ። እንግዲያው ባንኮክ።

የሰው ልጅ ከጉዞ ይልቅ ዕቅዱ ላይ የበለጠ እንደሚደሰት የገባኝ ያን ሰሞን ነው። ከእራት በኋላ ቁጭ ብለን ሰባቱን ቀን እንሸነሽናለን። እኔ ለዘመናት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣልኩትን እርጥብ የሐሩር ክልል በዓይኔ አይቼ፣ በጀርባዬም ላብ አረጋግጬ መምጣት እፈልጋለሁ። ከመንገዱ በላይ የሚሄደውን ባቡር መሳፈር፣ ትልቁን ወንዝ መሻገር፣ ሰማይ ጠቀሱ ፎቅ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ማየት እያልኩ ቀኖቹን እሞላለሁ። ሙሉ ትሰማኝና «ጥሩ፤ ታዲያ ገበያው መቼ ነው?» ትላለች። ሰኞ እላለሁ። «ማክሰኞስ?» ትላለች። እንዲህ እየተባባልን የእኔ ባቡር ግማሽ ቀን ቀረለት። ደስ ብሎን ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ጫጉላ ስናቅድ የሚያየን አለመኖሩ በጀን እንጂ እናሳፍር ነበር።

ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጸጉሬን እየተስተካከልኩ ለፀጉር አስተካካዩ ነገርኩት። «ባንኮክ» ስል ምላጩ ጉንጬ ላይ ቀጥ አለ። በመስታወቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«እግዜር ይማርህ፣ መምህር» አለኝ።

ለካስ ከከተማችን ባንኮክ የሄደ ሰው ሁሉ የሄደው ታሞ ነው። አንዱ ለኩላሊቱ፣ አንዱ ለልቡ፣ አንዱ ስሙ ለማይጠራ ነገር። ታይዋን በባጃጅ ይኬዳል፤ ባንኮክ በቃሬዛ። እኔ ይህን ሳላውቅ እየሣቅኩ ከወንበሩ ተነሣሁ። መሣቄ ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ «እንዴት ያለ ጠንካራ ሰው ነው!» ተባለ።

ጠያቂ መጉረፍ ጀመረ። ብርቱካን የያዘ፣ ለስላሳ የያዘ፣ ምንም ሳይዝ ከንፈሩን የሚመጥ። «ኧረ ጤነኛ ነኝ፤ ለጉብኝት ነው የምሄደው» ስል እርስ በርስ ይተያያሉ። «እንዲህ ነው እንጂ፤ ሰው ተስፋ መቁረጥ የለበትም» ይላሉ። የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ መኮንን መጡና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ከግንባሬ እስከ ጫማዬ ቀስ ብለው አዩኝ፤ አናጢ ጣውላ ሲመርጥ እንደዚያ ያያል። «ቁመትህ አሁንም እንደ ድሮው ነው» አሉኝ። አመሰገንኩ።

የግቢ ጎረቤታችን ፋዱማ በየጠዋቱ ከቀብሪበያ በሚኒባስ የሚመጣላትን የግመል ወተት ለገበያ ከማውጣቷ በፊት የእኔን ድርሻ ይዛ ትመጣለች። «ጠጣ መዓሊን፣ ይሄ ሁሉን በሽታ ያወጣል» ትለኛለች። መዓሊን በሶማሊኛ አስተማሪ ማለት ነው፤ ልጆቿን ሁሉ ያስተማርኩ ስለሆነ በሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም። ለእሷ እንኳ እውነቱን ላስረዳ ብዬ «ፋዱማ፣ ለዳልሂስ ነው የምሄደው» አልኳት። ዳልሂስ ጉብኝት ነው፤ ዳል አገር፣ ሂስ ናፍቆት፣ ቃሉ ራሱ ሲያምር! ፋዱማ አሰበች።

«ሄደህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ወላሂ፣ ያላየኸው አገር እንዴት ይናፍቅሃል?» አለችና ብርጭቆውን እንደገና ሞላችው።

ሙሉ ደግሞ ጠበል በዘመድ አዝማድ ይመጣላት ነበር። ያንን በባዶ ሆድ፣ ወተቱን ከላዩ፣ አንድ ደግ ሰው የላከውን በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ ከዚያ ላይ። እናንተ ብትሆኑስ? ሆዴ አመፀ። ጠያቂ ሞልቶ ሳለ ይቅርታ ሳልጠይቅ ብድግ ብዬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ስመለስ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሣቅ ነበር። ሣቁን ያቆመችው ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነበች ናት። ወሬው ሐረር ደረሰና በመጀመሪያው መኪና መጣች። እትዬ ዘነበች አባታችን ከሞተ ወዲህ በቤተሰቡ ውስጥ የመጨረሻውን ቃል የምትናገር ሰው ናት፤ እውነቱን ለመናገር አባታችን በሕይወት እያለም እንደዚያው ነበር። ግንባሬን ዳሰሰች፣ ምላሴን አስወጣችኝ፣ ከዚያ አቶ መኮንንንና ሁለት ዘመዶችን አስቀምጣ ውሳኔዋን ነገረችን።

«ሙሉ እዚሁ ትቀራለች፣ ሱቋንም ትጠብቃለች። ሆደ ቡቡ ናት፤ ሐኪም ፊት ስታለቅስ አንተን ታስጨንቃለች። አስታማሚ ሆኖ የሚሄደው የአቶ መኮንን የወንድም ልጅ ነው።»

የአቶ መኮንን የወንድም ልጅ ከብት ተራ የሚሠራ፣ በር ላይ ሲቆም ብርሃን የሚከለክል ጎረምሳ ነው። «ግመል መኪና ላይ የሚጭን ልጅ ነው» አሉ አቶ መኮንን በኩራት፤ «መምህሩማ ለእሱ ምኑ ነው!»

«እትዬ፣ አልታመምኩም!» ብዬ ጮህኩ።

«እሺ የኔ ወንድም፣ አልታመምክም» አለች፤ እጄን እያሻሸች።

ሙሉ ሻይ እየቀዳች ነበር። ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ከሸነሸንነው የሰባት ቀን ዕቅድ ውስጥ ማክሰኞም ሰኞም ከእጇ ሲወጡ ፊቷ ላይ አየሁ። ከዚያ ቀና አለች።

«እሱ አይደለም የታመመው» አለች። «እኔ ነኝ።»

ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ዞር ብዬ ሳያት ግን ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እንባው እውነተኛ ነው፤ ልዩነቱ ምክንያቱ ላይ ነው። ቤቱ ያየው እንባውን ብቻ ነበር። እትዬ ዘነበች ብድግ ብላ አቀፈቻት፤ አቶ መኮንን ቆባቸውን አወለቁ። ስንት ሰሞን እውነቱን ስንናገር አንድ ሰው አላመነንም፤ ሙሉ አንዴ ዋሸች፣ ከተማው በሙሉ አመናት። እንዲያውም «እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ያላለ ሰው አልቀረም። ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር።

ብልሃቷ ገባኝ፤ በልቤም አጨበጨብኩላት። በሽተኛ ቤት አይቀርም። ባል ደግሞ አስታማሚ ነው፤ ስለዚህ ተመልሰን ሁለታችን ሆንን ማለት ነው! ፊቴ ላይ ብርሃን ሳይወጣ አይቀርም፤ ምክንያቱም እትዬ ዘነበች ትኩር ብላ አየችኝ።

«አንተ ምን ልትሠራ?» አለችኝ። «ሴትን ወንድ ያስታምማል? ጸጉሯን ልታበጥርላት ነው? ገላዋን ልታጥባት? ይልቅ ሱቋን ጠብቅላት። ኩዌት ከሠራሁ ጀምሮ ፓስፖርቴን ሳላሳድስ የዋልኩበት ጊዜ የለም፤ እኔ እሄዳለሁ።»

ገና ቲኬት አልቆረጥንም፤ መሄጃው ደግሞ ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ሙሉ አየችኝ። እኔም አየኋት። አንዲት ቃል ከአፌ ብትወጣ ሁሉም ይፈርሳል፤ እሷ በከተማው ፊት ውሸታም ትሆናለች፣ ውኃው ገበያም እዚያው ስልኳ ላይ ይቀራል። እርጥቡን የሐሩር ክልል እስከ ዛሬ ሳላየው ስላስተማርኩት፣ ሳላየው ብሞትም የሚጎድልበት ነገር የለም ብዬ ራሴን አባበልኩ። አልተባበለም። ከልቤ አዘንኩ፣ አልዋሻችሁም። ቢሆንም ለራሷ አንዴ የጠየቀችውን ሴት እኔ አላስቀራትም።

«እትዬ ትሂድ» አልኩ።

ሲሄዱ መንደሩ በሙሉ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኛቸው። ሙሉ አቅፋኝ ጆሮዬ ላይ «ይቅር በለኝ» አለችኝ፤ የሚያየን ሰው ስንብት መስሎት ተንሰቀሰቀ።

እትዬ ዘነበች ባንኮክ ገብታ እውነቱን ስትሰማ አንድ ሙሉ ቀን ሙሉን አላናገረቻትም አሉ። በማግሥቱ «ታዲያ ይሄ ገበያ የታል?» ብላ ተነሣች። የላኩልኝ ፎቶ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ደረሰኝ። ሁለቱም የሰሌን ባርኔጣ አድርገው ጀልባ ላይ ናቸው፤ የእህቴ ጉንጭ በማንጎ ተወጥሯል። ከሥሩ የሙሉ ድምፅ አለ፦ «ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ። ማንም ‹ስንት ነው?› አላለኝም።» እሷን ከምወዳት በላይ ደስታዋን ወደድኩት። ብቻዬን ስስቅ አንዲት ደንበኛ ፊቷን አጨፍግጋ ገባችና ስልኩን መጋረጃ ሥር ወሸቅኩት።

«በሽተኛዋ እንዴት ናት?»

«ተመስገን፣ ትንሽ ተሻላት» አልኩ፤ በሐዘን።

አመሻሹ ላይ ፋዱማ ወተቷን ሸጣ ስትመለስ በሱቁ ደጅ ቆመች። የራሴን ወጥ እየሠራሁ መብላት ከጀመርኩ ወዲህ ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልይዝ ብሎኛል፤ ነፋሱም ዓይኔን አቅልቶታል። ፋዱማ ካየችኝ በኋላ አጠገቧ ወደቆመችው ሴት ዘወር ብላ በሹክሹክታ «መዓሊን አልቋል። ሚስቱ ስትመለስ እሱ ነው መሄድ ያለበት» ስትል ሰማኋት።

ከመቀመጫዬ ተነሣሁና እስከ ደጁ ወጣሁ።

«ኧረ እኔ ፍጹም ጤነኛ ነኝ!» አልኩ፤ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ።