መድኃኒት እኮ ነው!

«ውስጡ ምን አለ?» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ የጉደር ሰዎች ኦቦ ቶሎሳ አሉን። የኮሮና ክትባት የምትሰጥ ነርስ የጤፍ ማሳቸው ድረስ ሄዳ፣ ሞለኪዩሉ ሳይቀር ስታስረዳቸው አረፈደች። እሳቸው ግን «ውስጡን የማላውቀውን ነገር ገላዬን አላስነካም!» አሉ፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በርሜል ውስጥ ነክረው የአረም ማጥፊያ መርዝ እያማሰሉ።

«ጓንትስ የለም እንዴ?» አለች ነርሷ ደንግጣ።

«የምን ጓንት? መድኃኒት እኮ ነው!»

ይፈረድባቸዋል? መርዙን መድኃኒት እያልን ያቆላመጥነው ሁላችንም ነን።

ነርሷም ነገሩ ገባትና «ቫይረስ እኮ የሰውነት አረም ነው፤ ክትባቱ ደግሞ መድኃኒቱ» አለቻቸው።

«ታዲያ ቀድመሽ እንዲህ አትይኝም?» ብለው መርዝ የሚንጠባጠብበትን ክንዳቸውን ዘረጉላት።

ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«መጀመሪያ ይታጠቡ፣ ኦቦ! ውስጡን የማላውቀውን ነገር እኔም አልነካም!»